እህቴ ከጀርመን አንድ ዕቃ ታመጣልኛለች፦ የሚጠገን የሥራ ላፕቶፕ ወይስ በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒውተር? (ደሴ/ኮምቦልቻ)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ኑሮዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ በአንድ አነስተኛ የግንባታ አማካሪ ቢሮ ንድፍ አርማለሁ፣ የሥራ መጠን አሰላለሁ። አውቶካድና ኤክሴል ከጠዋት እስከ ማታ አይዘጉም፤ ወር ሲያልቅ ደግሞ የአንድ ነጋዴ ዘመዴን ሒሳብ በፒችትሪ እሠራለሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን በእጄ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ጀርመን የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለበዓል ስትመጣ አንድ ዕቃ ልታመጣልኝ ቃል ገብታለች፤ የትኛውን እንደምፈልግ እንድነግራት እየጠበቀች ነው።

ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። አንደኛው ፍሬምዎርክ 13 የተባለው ላፕቶፕ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ገበያ ያወጣው ባለቤቱ ራሱ እንዲፈታው አድርጎ ነው። ካቻቪቴው ከሳጥኑ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከሥር ያሉት አምስት ብሎኖች ቢላሉም ከቦታቸው አይወድቁም፤ ኪቦርዱ ብድግ ሲል ባትሪው፣ ራሙና ማራገቢያው ፊት ለፊት ይታያሉ። ዓመታት አልፈው ፍጥነቱ ሲያንስ ማዘርቦርዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ሁለተኛው የቫልቭ ስቲም ዴክ ነው፤ 7.4 ኢንች ኦሌድ ስክሪን ያለው፣ 640 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በእጅ የሚያዝ ሙሉ ኮምፒውተር። ጨዋታ እወዳለሁ፤ አልደብቅም። ከስክሪንና ከኪቦርድ ጋር ሲገናኝም እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ይሠራል፤ ዋጋውም ከፍሬምዎርኩ ያነሰ ነው። እዚህ ለሚኖርና በኮምፒውተር እንጀራውን ለሚበላ ሰው የትኛው ይበጃል?

(ምላሹ ስለበዛ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ እንዲጠቅም የተባለውን በየቁጥሩ እየጠቀስኩ በራሴ አነጋገር ከታች አስፍሬዋለሁ። የራሴንም አስተያየት ጨምሬበታለሁ።)

1ኛው ምላሽ የመጣው ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከሚኖር የባንክ ሠራተኛ ነው። እህቴን በሰላም ያስገባት ብሎ መርቆ፣ ያለ ማመንታት ፍሬምዎርክን መረጠልኝ። 2ኛው ተስማማ። 3ኛው፣ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ፣ ምን ዓይነት ጨዋታ እንደምወድ ብቻ ጠየቀ፤ በ4ኛው እግር ኳስ መሆኑን ነገርኩት።

ውይይቱን የገለበጠው 5ኛው ነው። ጸሐፊው ደሴ ፒያሳ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ቤት አለው። ፍሬምዎርክን አልናቀም፤ እንዲያውም እንዲህ ታስቦበት የተሠራ ላፕቶፕ በእጁ ቢገባ ደስ እንደሚለው ጽፏል። ያነሳው ነገር ሌላ ነው። ኩባንያው መለዋወጫውን የሚሸጠው በራሱ ድረ ገጽ ነው፤ ወደ ኢትዮጵያም አይልክም። ኪቦርዱ ላይ ሻይ ቢፈስ፣ በደቂቃዎች የሚፈታው ማሽን አዲሱ ኪቦርድ በመንገደኛ እጅ እስኪመጣ ድረስ መደርደሪያ ላይ ሊከርም ነው። በእሱ ሱቅ ጓዳ ግን ከዱባይ የመጡ፣ አገልግለው አገልግለው የሞቱ የሌኖቮ ቲንክፓዶች፣ ዴል ላቲቲውዶችና ኤችፒ ኤሊትቡኮች ተደራርበዋል። የአንዱ ማዘርቦርድ ቢቃጠል ስክሪኑ ለሌላው፣ ማጠፊያው ለሦስተኛው ይተርፋል። ስለዚህ እህቴን ሳላስቸግር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ቲንክፓድ ቲ480 እዚሁ ፒያሳ አገልግሎ የመጣውን እንድገዛ መከረኝ።

ስለ ጥገና ብዙ አንብቤያለሁ፤ የዚህን ሰው ያህል ግን ቁም ነገር የነገረኝ የለም። ውጭ አገር የሚጻፉት ግምገማዎች ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ፈትተው፣ ብሎኑን ቆጥረው ከ10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለፍሬምዎርክ የታወቁት የጥገና ባለሙያዎች አይፊክሲቶች 10 ከ10 ሰጥተውታል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን ያ ነጥብ የተሰጠው መለዋወጫው በፖስታ ደጃፍ ለሚደርስለት ሰው ነው። ደሴ ላይ ነጥብ የሚሰጠው የጥገና ቤቱ ጓዳ ነው።

በ6ኛው ዝርዝር ጠየቅኩት፤ በ7ኛው በትዕግሥት አስረዳኝ። ቲ480 ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ አንዱም ማዘርቦርዱ ላይ አልተበየደም። ዲስኩ ወጥቶ ይገባል። ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ። ከሥር ያሉትን ሁለት መቀርቀሪያዎች በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፏቸው የኋላው ባትሪ ተነቅሎ መዳፍ ላይ ይቀራል፤ ስክሪኑ ግን ብልጭ እንኳን አይልም፤ ውስጥ ያለው 24 ዋት ሰዓት አቅም ያለው ባትሪ ይይዘዋል። ሌላ የተሞላ ባትሪ ቦታው ላይ ሲገፋ ቀጭ ይልና ሥራው ይቀጥላል። መብራት በሄደ ቁጥር ፋይል ለሚጠፋበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

8ኛው የሆጤ ነዋሪ እርማት ጨመረ፤ በቁጥር ከሚቀራረቡት እንድጠነቀቅ። ቲ480ኤስ የሚባለው ቀጭኑ የኋላ ባትሪ የለውም፤ ከራሙም ከፊሉ የተበየደ ነው። ቀጥሎ የመጣው ቲ490ም እንዲሁ። ጠጋኙ በ9ኛው እርማቱን ተቀብሎ አመሰገነው፤ አንዳንድ ሻጭ ሦስቱንም በአንድ ስም እየጠራ እንደሚሸጥም ጨመረ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጨዋ ነበር። 10ኛው ግን ከኮምቦልቻ በቁጣ ገባ። የስቲም ዴክ ባለቤት ነው፤ ጥያቄው ስለ ሁለት ዕቃ ሆኖ ሳለ አንዱን እንደ ሌለ መቁጠራችን አናዶታል። ዴክም ይጠገናል ባይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቫልቭ በአይፊክሲት በኩል መለዋወጫ ያስሸጣል፤ የራሱ መቆጣጠሪያ ዘንግ ያለ ንክኪ ወደ ጎን መሄድ ሲጀምር ለዴክ የተሠራ ባለ ማግኔት ዘንግ አስመጥቶ ራሱ ቀይሮታል። የኋላ ክዳኑ በስምንት ብሎን ብቻ የተያዘ ነው፤ አራቱ ረጅም፣ አራቱ አጭር። ሳያውቁ የሚናገሩ ሰዎች መድረኩን እንዳበላሹት ተናግሮ ዘጋ።

11ኛው የጠጋኙ ረዳት ነው፤ በነገር ወጋ አደረገው። በእሱ እጅ የመጣ አንድ ዴክ ነበር። ክዳኑን በላስቲክ መፈልቀቂያ ሲከፍቱት ከጠርዙ በኩል ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ትንሿ ሚሞሪ ካርድ ከማስገቢያዋ ሳትወጣ ቀርታ ኖሮ ለሁለት ተሰንጥቃለች፤ የሰውዬው ጨዋታ ሁሉ እሷ ላይ ነበር። ዴክ ከመፈታቱ በፊት ካርዱን ማውጣት የመጀመሪያው ሕግ ነው፤ ማንም ዴክ ያለው ይህን ይያዝ። ባትሪው በማጣበቂያ የተለጠፈ በመሆኑ እሱን መንቀል ከሁሉም እንደሚከብድም ጠቅሷል። ብሎኖቹ በቀጥታ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጠብቁ ደጋግሞ መፍታት ጥርሱን ይበላዋል፤ 12ኛው ደግሞ በአዲሱ ባለ ኦሌድ ስክሪን ዴክ ይህ ተስተካክሎ ብሎኑ ብረት ላይ እንዲጠብቅ መደረጉን አስታወሰ። ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው፤ ዴክ በእርግጥ የሚፈታ ዕቃ ነው። ደሴ ውስጥ ግን ለእሱ የሚሆን ሙት ዴክ የሚደራረብበት ጓዳ የለም።

13ኛው፣ ያ የእግር ኳሱን ነገር የጠየቀኝ ተማሪ፣ ተመልሶ መጣ። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 24ና 25 በስቲም ዴክ የራሱ ሥርዓት ላይ አይሠሩም፤ የአጭበርባሪ መከላከያቸው ዴኩ ከሚሠራበት ከሊኑክስ ጋር አይስማማም። ምክንያቱን ሳያስረዝም ነግሮኝ ሄደ። ይህን ባላውቅ ኖሮ ዕቃውን ያስመጣሁት ለማልጫወተው ጨዋታ ነበር።

ከ14 እስከ 17 ያለው ስለ ሶፍትዌር ነው፤ ለእኔ ፍርዱን የሰጠው ይህ ነው። ኮምቦልቻ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ቀጥታ ወደ ሥራዬ ገባች። ፒችትሪ የዊንዶውስ ነው፤ አውቶካድም ለዊንዶውስና ለማክ እንጂ ለሊኑክስ አይወጣም፤ አማርኛ በፓወር ግዕዝ ለሚጽፍ ቢሮም ዊንዶውስ ግድ ነው። ስቲም ዴክ የሚመጣው አርች በተባለው ሊኑክስ ላይ በተገነባ ሥርዓት ነው። የዴኩ ባለቤት በ15ኛው ዊንዶውስ መጫን እንደሚቻልና ቫልቭ ራሱ ድራይቨሮቹን እንዳወጣ መለሰ፤ ትክክል ነው። እሷም በ16ኛው ተቀበለችው፤ ግን የወለል ንድፍን በ7 ኢንች ስክሪን አንብቦ የሚያርም ሰው ካለ እንዲነግራት ጠየቀች። እሱ ትልቅ ስክሪን በኤችዲኤምአይ ማገናኘትን አነሳ።

18ኛው ለዚህ የሰጠው መልስ ልብ ሊባል ይገባል። ጸሐፊው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ትልቁ ስክሪን የሚሠራው በግድግዳ ሶኬት ነው። መብራት ሲሄድ ዴኩ በባትሪው በሕይወት ይቆያል፤ ስክሪኑ ግን ይሞታል፤ አውቶካድ ላይ ያለ ሰው ፋይሉ እንዳለ እያወቀ ሊያየው አይችልም። ላፕቶፕ ስክሪኑን ከራሱ ጋር የያዘ በመሆኑ ብቻ ለእኛ አገር መብራት የተሻለ ነው። በዚያ ላይ ጉዳት የሚያደርሰው መብራቱ የሚሄድበት ሳይሆን የሚመለስበት ቅጽበት መሆኑን አስጠነቀቀ፤ ከነኃይሉ ሲመለስ ቻርጀር ያቃጥላል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ብገዛ ስቴቢላይዘር እንዳይቀር፣ ከሌለም መብራት እንደሄደ ቻርጀሩን ከሶኬት እንድነቅል። ሦስቱም ማሽኖች በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞሉ አንድ ባለ 45 ዋት ፓወር ባንክ ለሁሉም ይሆናል። ይህን ያህል እውቀት በነጻ የሚያካፍል ሰው መድረኩ ላይ ስላለን ልንኮራ ይገባል።

ከዚያ ነገሩ ከረረ። 19ኛው፣ በዕድሜ የገፉ የሚመስሉ ሰው፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ጎልማሳ ስለ ጨዋታ ዕቃ መጠየቁን ራሱን እንደ ነውር ቆጠሩት። የዴኩ ባለቤት በ20ኛው አክብሮቱን ጥሎ መለሰላቸው፤ ካርታ ሲጫወቱ የሚያመሹ ሰዎች ስለ ሌላው ጊዜ ምን አገባቸው በሚል መንፈስ። 21ኛው ተሳደበ፣ 22ኛው መልሶ ሰደበ፤ አስተባባሪው በ23ኛው ገብቶ ሁለቱን አስጠነቀቀ። እኔ ለጋሼ ክብር አለኝ፤ በዚህ ግን አልስማማም። ቀኑን ሙሉ የብረትና የሲሚንቶ ቁጥር ሲደምር የዋለ ሰው ማታ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ነገር መፈለጉ ነውር የለበትም። ዕቃው የማይሆነኝ በሌላ ምክንያት ነው።

ነገሩን ያበረደው 24ኛው ሆነ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ለእሱ ዴክ ፍጹም ዕቃ ነው፤ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሥራ የለውም፤ ወረፋ ሲጠብቅ በመኪናው አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ይጫወታል። ጨዋታውን ኮምቦልቻ ቤቱ ሳለ ሌሊት ያወርደዋል፤ አንዳንዱ ከ100 ጊጋባይት ስለሚበልጥ መንገድ ላይ የማይሞከር ነው፤ ከወረደ በኋላ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ያስቸገረው ሙቀቱ ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ይንቀራፈፋል። 25ኛው ምክንያቱን ነገረው፦ ቫልቭ ራሱ ዴክ በሙሉ አቅሙ የሚሠራው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ቺፑ 100 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ያዘገያል፤ ከዚያ ካለፈ ይጠፋል። የአፋር ቀን ደግሞ 35ን አልፎ ይሄዳል። ማታ እንዲጫወት መከረው። ሁለት ሰዎች ወደ ሐረጎ መንገድ ጭጋግ ወጡ፤ ሦስተኛው ደሴ ላይ ማራገቢያ የማያስፈልገው ላፕቶፕ ኮምቦልቻ ሲወርድ እንደሚጮኽ አነሳ፤ እኔም በየቀኑ ስለምወርድ አውቀዋለሁ፤ አቧራውን ማስጠረግ ብቻ ነው።

29ኛውን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። የጻፈው የደሴ መምህር ነው። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ሲወጣ ትንሹን ልጅ ያዘለው እሱ ነበር፤ የቀረውን ዕቃ ሌሎቹ ተሸክመዋል። ላፕቶፑ አሮጌና ከባድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ፣ በወጥ ቤት ቢላ ጫፍ ብሎኖቹን አላልቶ፣ ዲስኩን ነቅሎ አወጣው። በልጁ ካልሲ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ባዶውን ማሽን እዚያው ተወው። ኅዳር መጨረሻ ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ሲመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ዲስኩን ፒያሳ ወስዶ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲያስገጥመው ግን የተማሪዎቹ ውጤት፣ የማስተርስ ጥናቱ መረጃና የሟች እናቱ ፎቶግራፎች በሙሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ የማይነቀል ማሽን ቤቱ አያስገባም።

30ኛው የዴክም ዲስክ ከብረት መሸፈኛው ሥር እንደሚወጣ ለማስረዳት ሞከረ፤ መረጃው ልክ ነው፣ ጊዜው ግን አልነበረም፤ 31ኛው ዝም እንዲል ለመነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ምላሾች አብሽር፣ አላህ ይካስህ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ የሚሉ ነበሩ። ብዙዎቻችን በዚያ ወር የየራሳችንን አጥተናል፤ ሁሉም ዝም ብሎ የያዘውን አንድ ሰው ደፍሮ ሲጽፈው ሌላውም ተነፈሰ።

37ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ስላበቃ አሮጌ ላፕቶፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው ባይ ነበር። 38ኛው አረመው፦ ስምንተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለውን ቲ480 ዊንዶውስ 11 በይፋ ይቀበለዋል፤ የማይቀበለው ቲ470ንና ከእሱ በፊት ያሉትን ነው። ስለዚህ ሻጭ ቲ470ን በርካሽ ሲያቀርብ ርካሽነቱ ከዚህ የመጣ መሆኑን ማወቅ ነው። 39ኛው ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ እየተወደደ መሆኑን አንስቶ፣ እህቴ ልታወጣ ያሰበችውን ዩሮ ለምን በመለዋወጫ እንደማልጠቀምበት ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

በ40ኛው ውሳኔዬን ጻፍኩ። ላፕቶፑን፣ ቲ480ን፣ ደሴ እገዛለሁ፤ ገዝቼም ያ ጠጋኝ ፊት ከፍቼ አሳየዋለሁ። እህቴን የምጠይቃት ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም፣ አንድ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክና ባለ 72 ዋት ሰዓት የኋላ ባትሪ ነው። ራሙና ዲስኩ በካቻቪቴ የሚገቡ ናቸው፤ የኋላው ባትሪ ካቻቪቴም አያስፈልገውም። እግር ኳሱን ስልኬ ላይ እጫወታለሁ።

የዴኩ ባለቤት በ41ኛው ተስፋ እንደቆረጠብኝ ጽፏል፤ ዕድሜ ልኬን በቢሮ ዕቃ ልኖር መርጫለሁ ብሏል። ለሾፌሩ የሚሆነው ለእኔ እንደማይሆን በ42ኛው መለስኩለት። የባንክ ሠራተኛው በ43ኛው ጠቃሚ ነገር አስታወሰኝ፦ ለብቻው የሚጓዝ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባ ሻንጣ አይፈቀድም፤ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆነ ግን እህቴ ጫፎቹን ሸፍና በእጅ ሻንጣዋ ልትይዘው ትችላለች። ለእሷ ወዲያው ጻፍኩላት።

የመጨረሻው እስካሁን 46ኛው ነው፤ ያው የሆጤው ሰው። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በወጡ ቲንክፓዶች ላይ የተንደርቦልት ሶኬቱን (ላፕቶፑ የሚሞላበትን የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ) የሚቆጣጠረው ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለው ፕሮግራም፣ ስህተት አለበት፤ ካልታደሰ ከጊዜ በኋላ ሶኬቱ መሙላት ያቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ጥገናው ይከብዳል። ሌኖቮ ማስተካከያውን በነጻ አውጥቷል። አገልግሎ የመጣ ቲ480 የምትገዙ ሁሉ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት በዩኤስቢ ሲ መሙላቱን ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ አረጋግጡ፤ ቤት እንደገባችሁም ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ይህን ማስተካከያ ጫኑ።